ከጎን የሚቆመው ካህን፦ በሚና ጨዋታ መለኮታዊ ኃይል ላለው አጃቢ መደብ ስለ መምረጥ

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ጠመንጃ ያዥ ስሙን ያገኘው ከአጃቢነት ሥራ ነው። አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስትቆረቆር መኳንንቱ በየጉብታው ቦታ እየተመሩ ሰፈሩ፤ ሎሌዎቻቸውም እንደየሥራቸው በየአካባቢው ተደለደሉ። የጌታውን ጠመንጃ ተሸክሞ ከጎኑ የማይለየው ሰውም የራሱ ሰፈር ነበረው። ሠራተኛ ሰፈርም ከዚሁ ሥርዓት የተረፈ ስም ነው። በዚያ ሥርዓት አንድ ሰው በችሎታው ብቻ አይታወቅም፤ የማን እንደ ሆነና ለጌታው ምን እንደሚይዝለት ይጠየቅ ነበር። ከጠመንጃ ያዡና ከጋሻ ጃግሬው ጎን ደግሞ ምንም መሣሪያ የማይዝ ሌላ አጃቢ አለ፤ እሱም የነፍስ አባቱ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ይህንን መሣሪያ የማይዝ አጃቢ ነው፤ ወደ ጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ሲገባ በየትኛው መደብ ሊቀመጥ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ይመረምራል።

የሚና ጨዋታ ሲባል ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ ታሪኩን እየመራ፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚናገሩበትና የሚወስኑበት ጨዋታ ነው። አጠራጣሪ የሆነው ድርጊት በዳይስ ይለያል። ዘውጉን የመሠረተው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት «ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ የሚወስነው ነገር መደብ ነው። መደቡ ገጸ ባሕርይው ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ፣ እያደገ ሲሄድ ምን እንደሚጨመርለት ይደነግጋል። ስለዚህ መደብ መምረጥ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሰውየው አንድ የተሟላ አመለካከት መቀበል ነው።

በ1974ቱ እትም የነበሩት መደቦች ሦስት ናቸው፦ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ካህን። የካህኑ አወላለድ ልብ ሊባል ይገባል። በአርነሰን ጠረጴዛ ላይ አንድ ተጫዋች የሚመራው ገጸ ባሕርይ ደም መጣጭ ሙት ሆኖ ሌሎቹን ሲያስቸግር፣ እሱን የሚገታ መስቀል ያዥ ተፈጠረ። ካህኑ ከመነሻው የጦር መልስ ነበር ማለት ነው። በኋላ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ልብስ ለበሰና የተሳለ ብረት እንዳይዝ ተከለከለ፤ ዱላና መዶሻ ግን ተፈቀደለት። ልማዱ ባዮ በተባለው የመካከለኛው ዘመን የጥልፍ ሥራ ላይ ዱላ ይዞ ከሚታየው ከጳጳስ ኦዶ ጋር ሲያያዝ ቆይቷል። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ፓላዲን የተባለው ቅዱስ ፈረሰኛ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ በየእትሙ የመለኮት ኃይል ያላቸው መደቦች ቢበዙም፣ ቅድስናው የሚለካው በጦርነት ላይ በሚሰጠው ጥቅም ሆኖ ቀርቷል።

የእኛ ምንጮች ለዚህ መለኪያ አይመቹም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ደም ያፈሰሰ ካህን መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። በሰይፍ ይግደል ወይም በዱላ፣ ለሥርዓቱ ልዩነት የለውም። የጨዋታው የቀድሞ ደንብ ክልከላውን በመሣሪያው ቅርጽ ላይ ስላደረገው ካህኑ ራስ ቀጥቅጦ በማግሥቱ ሊጸልይ ይችል ነበር፤ የእኛው ሥርዓት ግን ክልከላውን በድርጊቱ ላይ ያደርጋል። ለታሪክ ሠሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። አጃቢው ካህን ጓደኞቹ ሲሞቱ እያየ እጁን መሰብሰብ ያለበት ሰው ነው። እጁን ካነሣ ነፍስ ያድን ይሆናል፤ ክህነቱን ግን ያጣል። አንድ ተጫዋች ከዚህ የከበደ ውሳኔ በየትኛው የዳይስ ውርወራ ያገኛል?

ሁለተኛው ልዩነት በኃይሉ መንገድ ላይ ነው። የጨዋታው ካህን ከአምላኩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ በመካከል ጳጳስ የለም፣ የሚሾመውም የሚሽረውም ሰው የለም። እዚህ አገር ክህነት በአንብሮተ እድ ይወርዳል። እጅ የጫነው ጳጳስ አለ፤ ከእሱም በፊት እጅ የጫነበት ሌላ አለ፤ ሰንሰለቱ እስክንድርያ ይደርስ ነበር። ሥልጣኑ ሊያዝም ይችላል። ስለዚህ ካህን የሆነ ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ ከጀርባው ሰዎች አሉት፤ ብቻውን የሚንከራተት ጀግና ሊሆን አይችልም። ለአጃቢነት የሚመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኃይሉን ከሌላ እጅ ስለ ተቀበለ ለሌላው መስጠትን ያውቅበታል።

ታሪኩ ምሳሌ አያጣም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሠራዊቱ ሲዋጋ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ዘምቶ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ነበሩ። በዚያ ጦር ውስጥ ጠመንጃ ያዡና ታቦት ተሸካሚው አንድ መንገድ ሄደዋል፣ አንድ ውኃ ጠጥተዋል፤ ሥራቸው ግን አልተደባለቀም። ፓላዲን የሚባለው መደብ ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ይጭናቸዋል። ዓድዋን በፓላዲን የሚተርክ ጨዋታ የሠራዊቱን ውስጣዊ አሠራር ያጠፋዋል ብዬ አምናለሁ፤ ጉልበቱ የነበረው ሥራው በመከፋፈሉና ሁሉም የየድርሻውን በመያዙ ነውና።

ከዓድዋ ይልቅ አርባ ዓመት የኋላው ታሪክ ለዚህ ጉዳይ የበለጠ ይናገራል። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከሸዋ አርበኞች ጎን ቆሙ። አርበኞቹ ከተማዋን ለማስለቀቅ ያደረጉት ጥቃት ሳይሳካ ሲቀር እሳቸው ተያዙ፤ አርበኞቹን እንዲያወግዙ ሲጠየቁ እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ ተረሸኑ። በሕዝቡ ዘንድ ሲነገር እንደ ኖረው፣ ለጠላት እንዳይገዛ ሰውን ብቻ ሳይሆን ምድሪቱንም በግዝት አስረዋል። እስቲ ይህን በጨዋታ ዓይን እንመልከተው። ጳጳሱ አልተኮሱም፣ እሳት አላወረዱም፣ ራሳቸውንም አላዳኑም። ያደረጉት አንድ ቃል መናገር ነው፤ ቃሉም የሚሠራው በሚሰማው ሰው ሕሊና ላይ ነው። የሚሠራበትም ጊዜ እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተባለው ተውኔቱ ይህን ሰው መድረክ ላይ አቁሞታል፤ ስለዚህ ቅዱሱን በሰው አፍ ማናገር ለእኛ ኪነ ጥበብ እንግዳ አይደለም። ተውኔቱ የሚይዘውም የሰማዕቱን ያቺን ሰዓት እንጂ የአንድ ተዋጊን ድል አይደለም።

ካህን ያልሆነውን የቤተ ክርስቲያን ሰው ብንመርጥስ? ደብተራው ዜማ፣ አቋቋም፣ ቅኔ የተማረ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ክህነት የሌለው ሊቅ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ክታብ ይጽፋሉ። ክታቡ በብራና ላይ የሚጻፍ ረጅም ጥቅል ነው፤ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ የባለቤቱ ክርስትና ስም በቀይ ይገባል፤ በየመካከሉ ትልልቅ ዓይን ያላቸው ጠልሰሞች ይሣላሉ፤ ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ለጨዋታ ሠሪ ይህ በጣም የሚያጓጓ ነው፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራው፣ ለሌላ የማይሆን መከላከያ ነው። ሆኖም ደብተራው ኃይሉን የሚያገኘው ከዕውቀት ነው፤ የተሰወሩ ስሞችን በማወቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ አስማቱን ስታወግዝ ኖራለች። በጨዋታው መደቦች ከካህኑ ይልቅ ወደ አስማተኛው የሚጠጋ ስለ ሆነ «መለኮት የሰጠው» የሚለውን ቦታ ሊይዝ አይገባውም። ሌላ የራሱ ገጽ ይገባዋል።

በወሎና በባሌ ሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ። ወሊዩ፣ ማለት ቅዱሱ ሰው፣ ከራማ አለው፤ በረከቱም በዘርና በደቀ መዝሙርነት ይተላለፋል። የጀማ ንጉሥ መስጊድና የሼህ ሁሴን መቃብር ምእመኑን ዛሬም ድረስ ይጠራሉ። ከጨዋታው መደቦች ለዚህ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው፣ ኃይሉ ሳይማረው በውስጡ ያለው ባለ መለኮት ነፍስ ነው። ለወሎ ታሪክ አጃቢ የሚፈልግ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው፤ እኔ ግን ወደ ልደታው የነፍስ አባት እመለሳለሁ።

ለነፍስ አባቱ መደብ ስንመርጥ ትልቁ ነገር ኪዳን ነው። ገድላትን ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ ቅዱሱ ከብዙ ተጋድሎ በኋላ፣ ዕረፍቱ ሲቃረብ፣ ጌታ ይገለጥለትና ቃል ኪዳን ይሰጠዋል። ስምህን የጠራ፣ ዝክርህን የዘከረ፣ ገድልህን የጻፈና ያጻፈ፣ በስምህ ለተራበ ያበላ፣ እስከዚህ ትውልድ ድረስ እምርልሃለሁ ይለዋል። ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግር የቆሙት፣ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር የኖሩት፣ ሳሙኤል ዘዋልድባ በአንበሳ ላይ ተቀምጠው የሚሣሉት ሁሉ ተአምራታቸው የሚታወስ ቢሆንም፣ ምእመኑን የሚያገኘው ግን ኪዳናቸው ነው። አንበሳው ለቅዱሱ ነው፤ ኪዳኑ ለሌላው ነው።

የጨዋታው ደንብ ከኃያል አካል ጋር ውል መግባትን የሰጠው ዋርሎክ ለሚባለው መደብ ነው። ዋርሎኩ ከአጋንንት አለቃ ወይም ከሌላ ጨለማ አካል ጋር ይዋዋላል፤ ሰማያዊ ባለ ውል የተጨመረው ዘግይቶ፣ ከባለ መለኮት ነፍሱ ጋር በአንድ መጽሐፍ ነው። በውሉ የሚያተርፈው ራሱ ተዋዋዩ ነው። የገድላቱ ኪዳን በሁለት ነገር ይገለብጠዋል። አንደኛ፣ ቅዱሱ የሚቀበለው ነገር ለሌላ ሰው ምሕረት ነው። ሁለተኛ፣ የኪዳኑ ሙሉ ጉልበት የሚጀምረው ቅዱሱ ከዚህ ዓለም ሲለይ ነው። በጨዋታው ገጸ ባሕርይው ሲሞት ወረቀቱ ይታጠፋል፤ በገድሉ ግን ዋናው ሥራ ገና መጀመሩ ነው። ከዚህ የበለጠ አዲስ የሆነ ደንብ ለዓለም የሚና ጨዋታ ልናቀርብ የምንችል አይመስለኝም።

እንግዲህ ምርጫው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ታሻስ ኮልድረን ኦቭ ኤቭሪቲንግ» ለአጃቢዎች ብቻ ሦስት ቀላል መደቦች አስቀምጧል፦ ባለሙያ፣ ድግምተኛ፣ ተዋጊ። ድግምተኛው ውስጥ ፈዋሽ የሚባል ድርሻ አለ። የነፍስ አባት የሆነው አጃቢ መነሻው ይህ ፈዋሽ መሆን አለበት፤ ሙሉው ካህንም ፓላዲንም አይሆንም። ሙሉው ካህን ከዋናዎቹ ተጫዋቾች እኩል ሆኖ ጨዋታውን ይወስድባቸዋል፤ የነፍስ አባት ግን የሌላውን ነፍስ የሚጠብቅ እንጂ የራሱ ታሪክ ባለቤት አይደለም። ከመጽሐፉ ድግምቶች ጉዳት የሚያደርሱትን ሁሉ ማስወጣት ያስፈልጋል። በምትካቸው ጸበል፣ ቀኖና መስጠትና መፍታት፣ ማስታረቅ፣ መገዘት ይግቡ። ግዝቱ በዳይስ የሚወድቅ መብረቅ አይሁን፤ የተገዘተው ሰው ጥሶ ቢያልፍ ምን እንደሚደርስበት በጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ እያዩ የሚወሰን ይሁን።

በዘመነ ምኒልክ ጠመንጃ ያዥ የተቀመጠ ታሪክ እናስብ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የጌታውን ውጅግራ የሚሸከም ወጣት ነው፤ ከጎኑ ሽበታም የነፍስ አባቱ አሉ። ወጣቱ በንዴት ሰው ያቆስላል። የነፍስ አባቱ «ልጄ፣ ጠመንጃው የጌታህ ነው፤ ደሙ ግን ያንተ ነው» ብለው ሱባኤና ስግደት ያዝዙታል፤ ተጫዋቹ ቀኖናውን እስኪፈጽም መሣሪያ አይነካም። በሦስተኛው ምዕራፍ የነፍስ አባቱ ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ ወጣቱና ጓደኞቹ ጭንቅ ሲገጥማቸው የነፍስ አባቱን ስም ሊጠሩ ይችላሉ፤ ዋጋው ግን ስንቅ ነው። ካላቸው እህል ከፍለው ዳቦ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው፣ የሰፈሩን ድሃ ማብላት አለባቸው። የተራበ ቡድን የመጨረሻውን እህሉን ለዝክር የሚሰጥበት ቅጽበት ዘንዶ ከመግደል ይበልጣል።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ቅዱስ ነገር እንዴት የዳይስ ጨዋታ ይሆናል? ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም። ታቦት በዕቃ ዝርዝር ውስጥ ቁጥር ተሰጥቶት መግባት የለበትም፤ የቅዳሴ ቃልም እንደ ድግምት ሊነበብ አይገባም። ምእመኑ የሚሰግድለትን ነገር ጥቅም እየለኩ ማስቀመጥ ነውር ነው። የነፍስ አባትን ጠባይ፣ የዝክርን ልግስና፣ የግዝትን ክብደት በታሪክ መልክ መጫወት ግን ሌላ ነው፤ ልጆቻችን ስለ እነዚህ ነገሮች ማሰብ የሚጀምሩበት በር ሊሆን ይችላል።

በአማርኛ የሚና ጨዋታ ለማዘጋጀት የምታስቡ ወጣቶች ሆይ፣ የአጃቢውን ወረቀት ስትነድፉ ከኃይሉ ዝርዝር በላይ ሦስት መስመር ክፍት ተዉ፦ የማን አጃቢ ነው? እጁ ምን ከማድረግ ተከልክሏል? ከሞተ በኋላ ለማን ይተርፋል? እነዚህ ካልተሞሉ መደቡን አትምረጡ።