የካዛንችስ ሰዎች ወዴት ሄዱ?
ስለ አንድ ቀን የከተማ ጉብኝት የቀረበ አስተያየት

ጧት ከየካ ተራራ ፍርስራሽ ተነሥቶ፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ኢጣልያኖች እጃቸውን ያሳረፉባቸውን የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች በአንድ ቀን አዙሮ የሚያሳይ ጉብኝት አለ። የአቴናንና የሮማን ፎቶግራፍ እያየን የምንመኘውን ነገር በገዛ ከተማችን ማግኘታችን ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ጉብኝትም እንደ መጽሐፍ ነው፤ አስፍቶ የሚናገረው ምዕራፍ አለው፣ ዘሎ የሚያልፈውም ገጽ አለው። እንግዲህ እንደ መጽሐፍ ልንመረምረው ይገባል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሚታየው ከአለት የተፈለፈለውና ጣራው የፈረሰው የየካ ዋሻ ሚካኤል ነው። አስጎብኚው ከሁሉም ቦታ ይልቅ የበረታው እዚህ ላይ ነበር። ግንበኛ ከታች ወደ ላይ ሲሠራ ፈልፋይ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ያለ ቦታው የተቆረጠውም አለት ተመልሶ እንደማይቀጠል ግድግዳውን እያሳየ አስረዳ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አዳመጠው። ስለ ዘመኑ ግን «የአብርሃና የአጽብሃ ሥራ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ትውፊቱ እንዲህ ይላል፤ ተመራማሪዎች ግን ሕንፃውን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ወደ እኛ ዘመን ያቀርቡታል። ሁለቱን አብሮ መናገር ትውፊቱን አያዋርደውም።

ቀጥሎ ያለው ፒያሳ ነው። በዓድዋ ተማርኮ እዚሁ አገር የቀረው ኢጣልያዊ ሴባስቲያኖ ካስታኛና ግሪካዊው ኦርፋኒዲስ የሠሩት የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ በ2015 እሳት የጎዳው የጣይቱ ሆቴል፣ የአርመናዊው መሐንዲስ የሚናስ ኸርበኪያን ስም፣ ሕንዳዊው ነጋዴ መሐመድአሊ፤ ይህ ሁሉ በየተራው ተነገረ። ሕንዳዊውን ከሜዲትራኒያን ሰዎች ጋር መቁጠር የጂኦግራፊ መምህሮቻችንን ያስቆጣ ይሆናል፤ እኔ ግን አለመረሳቱን ወደድሁት። ይሁንና «ይህን ግሪኩ ሠራው፣ ያንን አርመኑ ሠራው» የሚለው አነጋገር ሲደጋገም፣ ድንጋዩን የጠረበው፣ ጭቃውን ያቦካው፣ እንጨቱን ከጫካ ያወረደው ሰው ከታሪኩ ጨርሶ ይወጣል። ዕቃው በምን መንገድ እንደመጣም የሚነግረን አልተገኘም። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ቆርቆሮውም መስተዋቱም በጋማ ከብትና በግመል ጀርባ ነበር የሚያልፈው። በ1915 ሐዲዱ አቃቂ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ የመስመሩ ጫፍ የእኛ አቃቂ ነበረች። ስለ ፒያሳ ቤቶች የሚናገር ሰው ይህን ቢዘል ግማሹን ታሪክ ትቶታል።

ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ2024 በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈርሰዋል። ስለዚህ አስጎብኚው በየቦታው «እዚህ ነበረ» ማለት ግድ ሆኖበታል፤ በዚህ አልወቅሰውም። የምወቅሰው በካዛንችስ ስላደረገው ነገር ነው። አውቶቡሱ ሳይቆም አለፈ። «ስሙ ኢጣልያንኛ ነው፤ አሮጌው ሰፈር አሁን የለም» ከማለት በቀር የተነገረ ቃል የለም።

ስሙ ብቻውን እንኳ የአንድ ሰዓት ትምህርት ይወጣዋል። ካዛንችስ የመጣው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው ሲሆን፣ ኢንቺስ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚያሠራው ድርጅት የምሕጻረ ቃል ስሙ ነው። ጠላት በ1936 ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ ለማስፈር ዕቅድ አወጣ፤ ካዛንችስም ለሹማምንቱና ለጸሐፊዎቹ የታሰበ ሰፈር ነበር። ከ1941 በኋላ ግን አበሻው ገባበት። ጓሮው ውስጥ ማድ ቤት ጨመረ፣ አጥሩን አፍርሶ ከጎረቤት ጋር ተገናኘ፣ ዕድር አቋቋመ። ለመለየት የተሠራውን ሰፈር ለመቀላቀል አዋለው ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከቅስቱና ከበረንዳው ይልቅ ሊጎበኝ የሚገባው ይህ ነበር።

ደግሞም ሰዎቹ አልጠፉም። ሰፈሩ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ሲነሣ፣ ብዙዎቹ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ገላን ጉራ መጥተዋል።

ነገሩ በሌላም አገር ደርሷል። ሙሶሊኒ ከቬኔዚያ አደባባይ እስከ ኮሎሲየም የተዘረጋውን ሰፊ ጎዳና በ1932 ሲከፍት፣ ከሥሩ የነበረው ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር ፈርሶ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳር ተወስደዋል። ዛሬ በዚያ ጎዳና ላይ ቆሞ የቄሣሮችን ፍርስራሽ የሚያይ መንገደኛ ከእግሩ በታች የሰው ጓዳ እንደነበረ ማን ይነግረዋል? በአቴናም አሜሪካኖች ከ1931 ጀምሮ ጥንታዊውን አጎራ ሲቆፍሩ ቭሪሳኪ የሚባለው ሰፈር ተነሥቷል። እነዚህ ግን ቤቶቹን ሳይፈርሱ ፎቶግራፍ አንሥተዋቸው ነበርና፣ ዛሬ ያ ሰፈር ቢያንስ በወረቀት ላይ ይገኛል።

እኛ ዘንድ የቤቱ ፎቶግራፍ ሞልቷል፤ የጎደለው ሌላ ነው። ገላን ጉራ ያገኘኋቸው አንዲት እናት በእንጨት መሬቱን እየጫሩ የቀድሞ ግቢያቸውን ነደፉልኝ፦ በሩን፣ የጋራውን ቧንቧ፣ የዕድሩ ድንኳን የሚቀመጥበትን ክፍል፣ የስድስቱንም አባወራ ደጃፍ። «ልጄ፣ ግድግዳውን ያነሣው ብዙ ነው» አሉኝ፤ «ማን ከማን አጠገብ እንደነበረ የጻፈ ግን አልመጣም።»

ስለዚህ ጉብኝቱ ከሰዓት በኋላ በለገሃር ከሚያበቃ፣ በሳሪስና በቃሊቲ በኩል ወደ ደቡብ ይውረድ። በመንገዱ ላይ የአቃቂ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ታሪክ አለ፤ አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ የሠራው፣ ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት በዚያው በ1935 የተመረቀው የራዲዮ ጣቢያ ታሪክም አለ። መጨረሻው ገላን ጉራ ይሁን፤ እንግዳ ለማስጎብኘት ሳይሆን፣ አስጎብኚው ራሱ ጠይቆ እንዲማር። ሰዎቹ እንደ ቅርስ በመስኮት መታየት የለባቸውም፤ ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ ቡናቸው ተጠጥቶ ነው የሚነገረው።

አስጎብኚዎቹ እስኪነቁ ድረስ ሥራው በእኛ በተማሪዎች ሊጀመር ይችላል። መቅረጫው በየኪሳችን አለ፤ ሽማግሌዎቹ ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው። የታሪክና የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት መምህሮቻችን የመጠይቁን አወጣጥ ቢያርሙልን፣ በእረፍት ወራት የአንዲት ግቢ ካርታ በአንድ ተማሪ ሊጠናቀቅ ይችላል። ከሞከርሁት እንዳየሁት አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ቤቱ ዕድሜ አይደለም፤ የውሃ ቧንቧው የት እንደነበረ ነው። እሱ ከተገኘ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ጎረቤቶች አንድ በአንድ ይታወሳሉ።