የንድፍ አንድነትና የጥቂቶች ሥልጣን

ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያሳተሙት «ዘ ሚቲካል ማን መንዝ» የተባለው መጽሐፍ የሶፍትዌር ሥራን በሚያጠኑ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነበባል። ደራሲው በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ኦ.ኤስ. 360 የተባለውን ሥርዓት ሥራ የመሩ ስለ ነበሩ የሚናገሩት ከደረሰባቸው ነው። ዋናው አሳባቸውም፣ አንድ ሥርዓት ከሁሉ በፊት የአሳብ አንድነት ያስፈልገዋል፤ ይህም የሚገኘው ንድፉ ከአንድ ወይም ከጥቂት ሰዎች አእምሮ ሲመነጭ ነው የሚል ነው።

ለዚህ የሚያቀርቡት ማስረጃ የገዛ ስሕተታቸው ነው። የንድፉ ኃላፊ በ10 ሰዎች ዝርዝሩን በ10 ወር እንጽፋለን አሉ፤ ይህም ከተወሰነው ጊዜ በ3 ወር ያልፋል። የሠሪዎቹ ኃላፊ ግን 150 ሰዎች ስላሉኝ በጊዜው አደርሳለሁ አሉ። ብሩክስ ሁለተኛውን መረጡ። ሥራው ያው 3 ወር ዘገየ፤ ጥራቱም ወረደ፤ ስሕተት በማረሙ ላይ ደግሞ አንድ ዓመት ያህል እንደ ጨመረ ይገምታሉ።

ታሪኩ እውነተኛ ትምህርት አለው። ዳሩ ግን መደምደሚያው ከማስረጃው ያልፋል። 150ው ሰዎች በጥድፊያ የተሰጣቸውን ንድፍ አለማሳመራቸው፣ ብዙዎች ንድፍን ሊማሩ አይችሉም ማለት አይደለም።

ይህንንም የሚያሳየው የደራሲው የራሳቸው ጉዞ ነው። ዴቪድ ፓርናስ በ1972 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ ፕሮግራም መከፈል ያለበት በሥራው ቅደም ተከተል ሳይሆን ሊለወጡ በሚችሉ ውሳኔዎች ነው፤ እያንዳንዱም ክፍል የራሱን ውሳኔ ከሌላው ይሰውር ብለው ነበር። ብሩክስ በመጽሐፋቸው ይህን አልተቀበሉም፤ በ1995 ዓ.ም. እትም ግን ፓርናስ ትክክል፣ እርሳቸው ስሕተተኛ እንደ ነበሩ በግልጽ ጻፉ። እንግዲህ ይህን የመሰለ አዋቂ 20 ዓመት ከፈጀበት፣ የንድፍ ማስተዋል ውሳኔን እየመረመሩ የሚያዳብሩት ልማድ እንጂ ከሹመት ጋር የሚሰጥ አይደለም። ለመታረም የበቁትም ምክንያታቸውን በጽሑፍ አኑረው ስለ ነበረ ነው።

ነገሩ እኛንም ይነካል። በቡድን ፕሮግራም ስንሠራ በመጀመሪያው ቀን ሥራውን በራስ ቁጥር እንካፈላለን። በመጨረሻው ሳምንት ክፍሎቹን ስናገጣጥም የተማሪው መለያ ባንዱ ዘንድ አኃዝ፣ በሌላው ዘንድ ፊደል ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው «ማን ጻፈው?» ነው እንጂ «ለምን እንዲህ ተወሰነ?» አይደለም።

ማይክል ናይጋርድ በ2011 ዓ.ም. ያቀረቡት ዘዴ ለዚህ ይበጃል፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ዐቢይ ውሳኔ ሁኔታውን፣ ውሳኔውንና የሚያስከትለውን ውጤት ባጭሩ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። ወረቀት ከማብዛት በቀር ምን ይረባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተመልሶ የሚያነበው ከሌለ እውነት ነው። ስለዚህ መምህራን የተሠራውን ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን የተጣለውን አማራጭና የተጣለበትንም ምክንያት ቢጠይቁን እንማርበታለን።

ብሩክስ የአሳብ አንድነት ያስፈልጋል ሲሉ ልክ ናቸው። የአንድነቱን ጠባቂዎች ግን ከማሳነስ ይልቅ ማብዛት ይቻላል።