የቀድሞ ፊልምና የአረጋውያን ትዝታ

የመርሳት ሕመም ያደረባቸውን አረጋውያን ለሚያገለግል ሰው የመጀመሪያው ትምህርት፥ ሕመሙ የሰውን የሕይወት መዝገብ በአንድ ጊዜ የማይደመስስ መሆኑን ማወቅ ነው፤ ትናንት የመጣው እንግዳና ዛሬ የተበላው ምሳ ፈጥነው ሲጠፉ፥ በልጅነትና በጉብዝና ወራት በልቡና የታተመው ነገር ብዙ ጊዜ ጸንቶ ይቆያል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጽሑፍ፥ አረጋዊ ያለፈ ሕይወቱን መላልሶ ማውሳቱ የተፈጥሮ ግብር መሆኑን አስረድቷል፤ የቀድሞ ፊልም ይዘን ወደ አረጋውያን የምንቀርብ ሁሉ የምንሠራው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አዘውትሬ የማሳየው፥ የማራቶን ሯጩ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ፥ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት ጐዳና በባዶ እግሩ ሮጦ፥ ከአክሱም በተወሰደው ሐውልት አጠገብ አልፎ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ሲደርስ የሚታይበትን ፊልም ነው። ነገር ግን «አባባ፥ ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ፈተና መስጠት ነው፤ መልሱ የጠፋባቸው ሽማግሌ ያፍራሉ፥ አፍረውም ዝም ይላሉ። «አባባ፥ በባዶ እግር ድንጋይ ላይ መሮጥ እንዴት ያለ ነው?» ሲባሉ ግን ጥያቄው የስምና የዘመን ዕዳ ስለሌለበት፥ ሰውነታቸው ራሱ ምስክር ይሆናል። የልጃቸውን ስም መጥራት የተሳናቸው አንድ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ የነበሩ አባት፥ ውስጥ እግር እንዴት እንደሚጠነክር፥ የክረምት ጭቃና የበጋ ጠጠር ምን እንደሚያደርገው በሰፊው ሲተርኩ፥ አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ከዚያ በፊት ያልሰማችውን የአባቷን ልጅነት ተማረች።

ስለዚህ ፊልሙ አጭር ይሁን፤ ሽማግሌው መናገር ሲጀምሩ ይቁም፤ የአበበን የሮማ ሩጫ ከቶኪዮው ሩጫው ቢያደባልቁም የሚያርማቸው አይኑር።

የቀድሞ ፊልም ሁሉ ግን መድኃኒት አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፥ የወሎን ረሀብ ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር አያይዞ በቴሌቪዥን የታየውን ፊልም ያየ፥ ከዚያም በኋላ ወንድሙን በግፍ ያጣ ሰው፥ ቀኑን ቢረሳም ኀዘኑ ሊቀሰቀስበት ይችላል፤ ስለዚህ አገልጋይ አስቀድሞ ቤተ ሰቡን ሊጠይቅ ይገባዋል።

የሞተ የአንጐል ሕዋስ በፊልም አይነሣም። ቢሆንም፥ ቀኑን ሙሉ «ይብሉ፥ ይቀመጡ፥ ይነሡ» እየተባሉ የሚታዘዙ አረጋዊ ለጥቂት ደቂቃ መምህር ሆነው ሲናገሩ የሚገባቸው ክብር ይመለስላቸዋል፤ ይህንንም ክብር መጠበቅ የሙያችን ፍጻሜ ነው።