አዳራሹ ሰፊ፥ ጉባኤው ጠባብ

በዚህ ጽሑፍ ሂስ የምንሰነዝረው በአንድ ግጥም ወይም በአንድ ልብ ወለድ ላይ አይደለም፤ ግጥሙ በሚነበብበት ቤት ላይ ነው። «አዳራሽም ሂስ ይጻፍበታል እንዴ?» ብሎ የሚሥቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሣቅ። ቤቱ ግጥሙን ሲያበጀውም ሲያበላሸውም በዓይናችን ስላየን ዝም ማለት አልቻልንም።

በመጀመሪያ የተነሣንበትን እንናገር። እኛ ከሉማሜና ከዙሪያዋ ወጥተን በየዩኒቨርሲቲው የተበተንን ጥቂት ተማሪዎች ነን። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ሁለቱ በሚማሩበት ግቢ፥ በተማሪዎች ማእከል ትልቅ አዳራሽ፥ አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ተዘጋጅቶ ነበር። የግቢውን ስም አንጠራም፤ ችግሩ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለምና። አዳራሹን ለማግኘት ደብዳቤ ተጻፈ፤ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሦስት ሳምንት አለፈ። ምሽቱ ሲደርስ መድረኩ ላይ ረዥም ጠረጴዛ፥ በጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ፥ ከጠረጴዛው ኋላ የክብር እንግዶች። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ተደረገ፤ የመክፈቻ ንግግር ተደረገ፤ የምስጋና ንግግር ተደረገ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ግጥም ተጀመረ፤ ላንድ አንባቢ ሦስት ደቂቃ!

አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወጣች። ግጥሟ አባቷ የማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈል ስለሸጡት በሬ ነበር። ማይክሮፎኑ ያፏጫል፤ ከአምስተኛው ረድፍ ወዲያ በቅጡ የሚሰማ የለም። ጨረሰች፤ ተጨበጨበላት፤ ወረደች። በቃ። ግጥሙ የቱ ጋ እንደሠመረ፥ የቱ ጋ እንደተሰበረ የነገራት አንድም ሰው አልነበረም። እኛም አልነገርናትም። ከወራት በኋላ አግኝተናት «ትጽፊያለሽ ወይ?» ብንላት «ለማን?» አለችን። ይህን ያጻፈን ይኸው አንድ ቃል ነው።

«ጉባኤ» የሚለው ቃል ለኛ ለጎጃም ልጆች ባዕድ አይደለም። በዲማ፥ በዋሸራ፥ በጎንጅ ስማቸው የገነነው የቅኔ ቤቶች ጉባኤ ቤት ይባላሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ቅኔ ያስተማሩት ዲማ ወስደው ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ለብቻው፥ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመሽ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቃሉ ከሳተ ይታረማል፤ ምሥጢሩ ከላላ ይመለሳል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚወጣው እየታረመ ነው። መድረክ የለ፥ ማይክሮፎን የለ፤ ጎጆና ጆሮ ብቻ።

ይህን ስንል የቅኔ ቤቱን ገነት አናደርገውም። ረኀቡም፥ አለንጋውም ነበረ። እንደ ጽላሎዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ መምህርት ቢነሡም ቤቱ በብዛት የወንዶች ነበር። እኛ የምንፈልገው ጎጆውን አይደለም፤ ልማዱን ነው። የተናገረ ሰው ሳይመለስለት አይሄድም የሚለውን ልማድ።

«ታዲያ ትልቅ አዳራሽ ጥቅም የለውም ማለታችሁ ነው?» የሚሉን አሉ። የለውም አላልንም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በየዓመቱ ይከበር በነበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በብዙ ሕዝብ ፊት ግጥም ያነቡ ነበር። የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል»፥ የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) «በረከተ መርገም» ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። ነገር ግን ያ ውድድር ነበር፤ ግጥሙን የሚመዝን ዳኛ ነበረው። ከዚህም በላይ ግጥሙ ፊት ለፊት ለተቀመጡት ባለሥልጣኖች የሚናገረው ነገር ነበረው። ዛሬ በየአዳራሻችን የምናየው የተገላቢጦሽ ነው፤ እንግዶቹ ግጥሙን ሊሰሙ አልመጡም፤ ግጥሙ እንግዶቹን ሊያደምቅ ተጠራ እንጂ። እንዲህ ያለ ግጥም ከፕላስቲኩ አበባ በምን ይለያል?

የወንበር አቀማመጥ ተራ ነገር የሚመስለው ካለ ወደ ውጭም ይመልከት። በ1823 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኦክስፎርድ ተማሪዎች የክርክር ማኅበር በአዳራሹ ወንበሮቹን የደረደረው ግራና ቀኝ፥ ፊት ለፊት አድርጎ ነው። ተናጋሪ ባላንጣውን ዓይን ለዓይን ያየዋል። የኛ አዳራሽ ወንበር ግን ወለሉ ላይ ተበይዷል፤ የምናየው የፊተኛውን ሰው ማጅራት ብቻ ነው። ማጅራት ደግሞ አይመልስም።

አሁን ግለ ሂስ። ጥፋቱን ሁሉ በአዳራሽ ብንከምር ሐሰተኞች እንሆናለን። ያን ምሽት ያጨበጨብነው እኛው ነን። ማጨብጨብ ይቀላል፤ ማረም ግን ማዳመጥን ይጠይቃል፥ ቅያሜም ያመጣል።

ስለዚህ በክረምቱ እረፍት ሉማሜ ስንገናኝ አንድ ነገር ሞከርን። ካንዳችን ቤት፥ አሥራ አንድ ሆነን፥ አግዳሚውን በክብ አዞርነው። ቡና ተፈላ። እያንዳንዱ ግጥም ሁለት ጊዜ ተነበበ፤ ሌላው ሲናገር ገጣሚው ዝም እንዲል ተስማማን። ከኛ አንዱ ስለ ጮቄ ጉም ረዥም ግጥም አነበበ። ሁላችንም ልናሞግስ ስንል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የቤቱ ታናሽ ልጅ «ጉሙንማ እኔም አየዋለሁ፤ አንተ ምን አየህ?» አለው። ወንድማችን ተቆጣ፤ ማታውን ግን ከሠላሳው ስንኝ ሃያውን ሰረዘ። ቤቱም እንከን አላጣም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ንባብ አቁመን እንጠብቅ ነበር። ቢሆንም ዝናቡ ሲያባራ ካቆምንበት ቀጠልን እንጂ «ሰዓት አልቋል» ያለን የለም።

ከዚህ ተነሥተን የምንለው አጭር ነው። በተማሪዎች ማእከል ከትልቁ አዳራሽ ሌላ አንዲት ትንሽ ክፍል ማታ ማታ ያለ ደብዳቤ ትከፈት። ወንበሯ የሚነሣ ይሁን። የክብር እንግዳ ቢመጣ እሰየው፤ ከመካከላችን ይቀመጥ። የተነበበ ሁሉ መልስ ያግኝ። ለዚህ ሲሚንቶ አያስፈልግም፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ፈቃድና የኛ ትዕግሥት ይበቃል።

«ለማን?» ላለችው እህታችንም ዘግይቶም ቢሆን መልስ አለን። ያቺን የበሬ ግጥም ይዛ ትምጣ። አናጨበጭብላትም፤ እናርማታለን።