ስምንት ባይት አደራ

ፋይል ሰርቨር «ተቀብያለሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 እ.ኤ.አ. ኤንኤፍኤስ የተባለውን በኔትወርክ ፋይል የመጋሪያ ሥርዓት ሲያዘጋጅ የሰጠው መልስ ጥብቅ ነበር፤ ዳታው ዲስክ ላይ ሰፍሯል፣ አሁን መብራት ቢሄድ እንኳ አይጠፋም ማለት ነው። ሰርቨሩ ማን የትኛውን ፋይል እንደከፈተ አይመዘግብም ነበር። ወድቆ ቢነሣ ክላየንቱ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመ ይጠብቀዋል፤ ሲነሣም ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል።

ይህ ጽናት ግን ያስከፍላል። በሁለተኛው የፕሮቶኮሉ እትም አንድ የጽሕፈት ጥያቄ ቢበዛ 8 ኪሎባይት ነበር የሚሸከመው፤ እያንዳንዱም ዲስክ ላይ እስኪያርፍ መልስ አያገኝም። አንድ ሜጋባይት ለመጻፍ 128 ጊዜ ዲስክ መጠበቅ ነው። አቋራጩ መንገድ ግልጽ ነው፤ ዳታው ገና ሜሞሪ ውስጥ ሳለ «ጽፌዋለሁ» ማለት። ያ ግን አደራ መብላት ነው።

በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው እትም ያገኘው መፍትሔ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሰርቨሩ ዳታውን ሜሞሪ ውስጥ አቆይቶ እውነቱን ይናገራል፤ «ይዤዋለሁ፣ ገና አልጻፍኩትም» ይላል። ክላየንቱም የራሱን ቅጂ አይጥልም። በኋላ ኮሚት የሚባል ጥያቄ ሲልክ ሰርቨሩ የተጠራቀመውን በአንድ ላይ ዲስክ ላይ ያሰፍራል። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊያስበው የሚችል ነው። ከባዱ ጥያቄ በመካከል ሰርቨሩ ወድቆ ቢነሣስ የሚለው ነው። ሜሞሪው ባዶ ሆኗል፤ ምን እንደጠፋበት አያውቅም፣ መጥፋቱንም አያውቅም። የረሳ ሰው የረሳውን እንዴት ይናገራል?

አይናገርም፤ መናገርም አያስፈልገውም። በእያንዳንዱ የጽሕፈት መልስና በኮሚቱ መልስ ላይ 8 ባይት የምታህል ቁጥር አብራ ትመጣለች። ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር ይህች ቁጥር ትለወጣለች። ክላየንቱ ሁለቱን ያስተያያል፤ አንድ ከሆኑ ቅጂውን ይጥላል፣ ከተለያዩ ዳታውን እንደገና ይልካል። ሰርቨሩ አንዳች ነገር ሳያስታውስ ታማኝ ሆነ። ከዚህ ያነሰ ማሽነሪ ይህን ያህል ትልቅ ሥራ ሲሠራ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ይህችኑ ቁጥር ለሌላ ችግር አዋሏት። ሰርቨሩ ሳይወድቅ፣ ዳታው ከሜሞሪ ወደ ዲስክ ሲሄድ ዲስኩ እምቢ ሊል ይችላል። ስሕተቱን አንዱ ክላየንት ሲሰማ ሌላው ሳይሰማ ሊቀር፣ ቅጂውንም በሰላም መስሎት ሊጥል ይችላል። ከሠሪዎቹ አንዱ ትሮንድ ሚክለቡስት ያቀረበው ማስተካከያ አጭር ነው፤ የጽሕፈት ስሕተት በተፈጠረ ጊዜ ሰርቨሩ ልክ ወድቆ እንደተነሣ ሁሉ ቁጥሩን ይለውጥ። ያኔ ገና ኮሚት ያላገኙት ክላየንቶች ሁሉ የቁጥሩን መለወጥ አይተው ዳታቸውን እንደገና ይልካሉ። በፕሮቶኮሉ ላይ አንድ ፊደል አልተጨመረም። ብዙ ዓመት ቀድሞ የተጻፈ ክላየንት፣ ማንም ሳይነካው፣ የዚህ ጥገና ተጠቃሚ ሆነ። የአሮጌውን ሥራ ስፌት አንብቦ፣ በዚያው ስፌት ላይ አዲስ ክር ማስገባት ማለት ይህ ነው።

በዚሁ የሊኑክስ ኤንኤፍኤስ ሰርቨር ላይ ሌላም ብዙ ተሠርቷል፣ እየተሠራም ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ከርነል 6.4 የኔትወርኩን ልውውጥ በቲኤልኤስ መመስጠር አስችሎታል፤ እንደ ሥራው ብዛት ራሳቸው የሚጨምሩና የሚቀንሱ የሰርቨር ትሬዶችም ሠሪዎቹ ሲደክሙበት የቆዩበት ጉዳይ ነው። ጠቃሚ ናቸው፤ ሁለቱም ግን በእኔ ሚዛን ከዚያች ቁጥር በታች ናቸው።

የሊኑክስ ሰርቨር የምታስተዳድሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። በኤክስፖርትስ ፋይል ውስጥ «ኤሲንክ» የሚል አማራጭ አለ። እሱ ከተጻፈ ሰርቨሩ ኮሚት ሲጠየቅ እንኳ ዲስክ ላይ ሳያሰፍር «ጽፌአለሁ» ይላል፤ ክላየንቱም አምኖ ቅጂውን ይጥላል። ፍጥነት ይገኝበታል፤ መብራት የሄደ ቀን ግን የ8ቱ ባይት ጥበብ ሁሉ ከንቱ ነው። ፋይሉን ክፈቱና እዩት፤ እዚያ ካገኛችሁት ወደ «ሲንክ» መልሱት።