«ኦነስት» በኦቴሎ፤ አንድ ቃልና የተርጓሚው ዕዳ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስንተረጉም ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለን እንግዳው ቃል ሳይሆን የለመድነው ቃል ነው። ለእንግዳው መዝገበ ቃላት እንገልጣለን፤ የለመድነውን ግን «ይህማ ምን ይቸግራል» ብለን እናልፈዋለን። በዚህ መጣጥፍ የማነሣው «ኦነስት» የተሰኘው ቃል ከእነዚህ አንዱ ነው። መነሻዬ የሼክስፒር ተውኔት ኦቴሎ ሲሆን፣ ዓላማዬም ቃሉ በተውኔቱ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማሳየትና በአማርኛ ምን ሊደረግለት እንደሚገባ የበኩሌን ሐሳብ ማቅረብ ነው።

ዛሬ በሚነገረው እንግሊዝኛ ቃሉ በቅድሚያ የማይዋሽና የማያጭበረብር ሰውን ይገልጻል። ሚዛን የማይሰርቅ ነጋዴ፣ «ብርጭቆውን የሰበርኩት እኔ ነኝ» የሚል ልጅ፣ ያየውን ብቻ የሚናገር ምስክር ሁሉም በዚህ ቃል ይጠራሉ። አገልግሎቱ ግን በሰው አይወሰንም። ያለ ተንኮል የተፈጸመ ስሕተት፣ በላብ የተገኘ እንጀራ፣ ሳይሸፋፈን የተሰጠ አስተያየትም ቅጽላቸው ይኸው ነው። በንግግር መካከል ደግሞ እኛ «እውነቱን ለመናገር» በምንልበት ቦታ እንደ ዋዛ ይገባል። አማርኛ ለእነዚህ እንደየአገባባቸው እውነተኛ፣ ሐቀኛ፣ ቅን፣ ታማኝ፣ ግልጽ የሚሉ ቃላት አሉት።

በሼክስፒር ዘመን የቃሉ ግዛት ከዚህም ይሰፋ ነበር። ምንጩ ክብርን የሚያመለክት የላቲን ቃል በመሆኑ የተከበረ፣ ጨዋ የሚል ፍች ነበረው። ለሴት ሲነገር ከሁሉ አስቀድሞ ንጽሕናዋን ያመለክታል። ጌታ የበታቹን ሲያሞግስም ይጠቀምበታል፤ በዚህ ጊዜ ሙገሳው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ጥቂት ንቀት ያዘለ ነው።

ኦቴሎ እ.ኤ.አ. በ1604 በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ታይቶ በ1622 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ ተውኔት ነው። እንግሊዛዊው ሐያሲ ዊልያም ኤምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው የተወሳሰቡ ቃላትን አወቃቀር በሚመረምረው መጽሐፉ ለዚህ ቃል አንድ ምዕራፍ ሰጥቶ፣ ከረባው ስም ጋር በተውኔቱ ውስጥ 52 ጊዜ እንደሚገኝ ቆጥሯል። ተመልካች አንድን ቃል ይህን ያህል ጊዜ ሲሰማ ድግግሞሹ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መግለጽ ይኖርብኛል። ለዓመታት ትርጉም ሳስተምር «ቃል በዐውዱ ይተረጎማል» የሚለውን መመሪያ እንደ ሕግ ስሰጥ ቆይቻለሁ። በዚህም መሠረት አንድ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ቃሉ የሚገኝባቸውን ትዕይንቶች ከፋፍለን ተረጎምን። ኢያጎን ሐቀኛ፣ ካሲዮን ቅን፣ ዴዝዴሞናን ንጽሕት፣ ቢያንካን ጨዋ አልናቸው። እያንዳንዱ ምርጫ ለየብቻው ሲታይ የሚነቀፍ አልነበረም። ሥራው አልቆ ሲነበብ ግን አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ እንዲህ በቀላሉ የሚታለል ሰው ጅል ነው እንጂ ምኑ ነው የሚያሳዝነው?» ሲል ጠየቀኝ። የሰጠሁት መልስ እኔንም አላጠገበኝም። ጅል የሆነብን ኦቴሎ የሼክስፒር ሳይሆን የእኛ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በሦስተኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት ነው። ኦቴሎ የምክትሉን የካሲዮን ጠባይ ሲጠይቅ፣ ኢያጎ መልስ በመስጠት ፈንታ ያንኑ ቃል በጥያቄ መልክ ይመልስለታል። ጥያቄው ስለ አንድ መኮንን እውነተኛነት ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ለሴት ሲነገር ንጽሕናን የሚያመለክት በመሆኑ በኦቴሎ ልቡና ከካሲዮ ወደ ዴዝዴሞና ለመሻገር ድልድይ አያስፈልገውም። ኢያጎ ሚስቱን ከመክሰሱ በፊት ክሱ በቃሉ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ኦቴሎ ሚስቱንና ኢያጎን በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። ሁለቱ ለአንድ ወንበር የሚሻሙ ይሆናሉ፤ አንዱን ማመን ሌላውን መካድ ነው። እኛ «ሐቀኛ» እና «ንጽሕት» ብለን በከፈልነው ጊዜ ግን ወንበሩ ሁለት ሆነ፤ ሽሚያውም ጠፋ።

ቃሉ የኢያጎንም ቂም ይሸከማል። ለእሱ የደረሰው የሙገሳው ቃል ሲሆን፣ የተመኘው የምክትልነት ሹመት ለካሲዮ ተሰጥቷል። ስለዚህ ጌታው ባሞገሰው ቁጥር ሹመት የተነፈገ አሽከር መሆኑን ያስታውሰዋል። በአምስተኛው ገቢር ደግሞ ሁሉም የሚንቃት ቢያንካ ያንኑ ቃል ለራሷ ትወስዳለች፤ በኑሮዋ ከሰደበቻት ከኤሚሊያ እንደማታንስ ትናገራለች። በቃሉ ማን የመጠራት መብት እንዳለው መጠየቅ የተውኔቱ አንዱ ጭብጥ መሆኑን ይህች አጭር ንግግር ታሳያለች።

ታዲያ አማርኛ ምን ያድርግ? ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን ወደ አማርኛ መልሶታል። እኔ እዚህ የእርሱን ሥራ ለመዳኘት አልተነሣሁም፤ ጥያቄው የማንኛውም ተርጓሚ ጥያቄ ነው። በእኔ አስተያየት ለሸክሙ የሚበቃው «ታማኝ» ነው። ታማኝ አሽከር፣ ታማኝ ወዳጅ፣ ታማኝ ምስክር፣ ታማኝ ሚስት እንላለን። ኢያጎንም፣ ካሲዮንም፣ ዴዝዴሞናንም ሳይጨናነቅ ይይዛል። አሽከር ሲመሰገንበትም ያችን ከላይ ወደ ታች የምትወርድ ሙገሳ አያጣትም።

ጉድለቱን መሸሸግ አይገባም። ቃሉ ክብርን ስለማያስታውስ፣ ኦቴሎ በመጨረሻ ትዕይንት ክብርንና ይህን ቃል አጣምሮ ሲያነሣ በእንግሊዝኛ የሚሰማው ዝምድና በአማርኛ አይሰማም። ባል ለሌላት ለቢያንካም «ጨዋ» ይሻላል።

የሚገኘው ጥቅም ግን ከጉድለቱ ይበልጣል። «ታማኝ» ሥሩ «አመነ» ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ስለ ባለጠባዩ ሲናገር፣ የአማርኛው ስለ ታማኙ ብቻ ሳይሆን ስለ አማኙም ይናገራል፤ ታማኝ ማለት ሰዎች ያመኑት ነውና። በዚህ ፍች ኢያጎ እስከ አምስተኛው ገቢር በእርግጥ ታማኝ ነው፤ ሁሉም አምኖታል። ዴዝዴሞና በሥራዋ ታማኝ ሆና ሳለ የሚያምናት አጣች። ሰሙ ጠባይ፣ ወርቁ መታመን ነው። ከዚህም በላይ «አመነ» ጥፋትን መቀበልም ነው። ኢያጎ ሤራው ከተገለጠ በኋላ ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል እንደማይተነፍስ ያስታውቃል። ሁሉም ያመነው ሰው እንዲያምን ሲጠየቅ ዝም ይላል። ይህ ኅብር በእንግሊዝኛው ውስጥ የለም፤ አማርኛ ከራሱ አውጥቶ ለተውኔቱ የሚሰጠው ነው።

ድግግሞሹ ጆሮ ያሰለቻል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እኛም ተማሪዎቻችንን አንድ ቃል አትደጋግሙ እያልን እናርማለን። በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን አልልም። ቃሉ ከአንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ ሌላው በሚሻገርበት ሁሉ ግን ሳይለወጥ መቆየት አለበት። ተመልካች «ታማኙ ኢያጎ» የሚለውን ሲሰማ መሰልቸት፣ ቀጥሎም መፍራት አለበት።

ያ ተማሪ ጥያቄውን ዛሬ ቢደግምልኝ መልሴ አጭር ነው። ኦቴሎ ጅል አይደለም። በሚናገረው ቋንቋ ሚስቱና አሽከሩ በአንድ ቃል ይመሰገናሉ፤ እሱም ያን ቃል ለሁለቱ መስጠት አልቻለም። እኛ ቃሉን ስንከፋፍል የወሰድንበት ይህንን ጭንቀቱን ነበር። «ቃል በዐውዱ ይተረጎማል» የሚለውን አሁንም አስተምራለሁ፤ ነገር ግን የአንድ ተውኔት ዐውድ ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ሳይሆን ተውኔቱ በሙሉ መሆኑን አብሬ እናገራለሁ።