ፈንግልን መቅደም

በበዓል ሰሞን አዲስ አበባ ሰባተኛ ገበያ ዶሮ የሚገዛ ሰው ደረቷን ዳብሶ፣ በእጁ መዝኖ ዋጋ ይጠራል። እኔ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ የምጀምረው ከጅራቷ ሥር ነው። ላባው በአረንጓዴ ኩስ ከተለጣጠፈ አንገቷንና እግሯን አያለሁ። ፈንግል የተባለው የዶሮ ቫይረስ በሽታ አንጀትንም ነርቭንም ይመታል፦ ያስቀዝናል፣ አንገት ይጠመዝዛል፣ ክንፍና እግር ያሽመደምዳል።

አስቸጋሪው ነገር የገበያ ዶሮ ሁሉ የታመመች መምሰሏ ነው። እግሯን ታስራ፣ አውቶቡስ አናት ላይ ውላ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ የመጣች ጤነኛ ዶሮም ክንፏን ትጥላለች። ስለዚህ አስፈትቼ ውሃና እህል አቀርብላታለሁ። ጥም ያደከማት ጠጥታ ቀና ትላለች፤ የታመመችው እህሉ ላይ ቆማ ታንቀላፋለች። ሻጩ «ዶክተር፣ መንገድ አድክሟት ነው እንጂ ምንም አልሆነች» ይለኛል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

ግን ዓይን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 15 ቀን ይፈጃል። ገጠር ያለው ባለቤት ደግሞ አንዷ ስትሞትበት ቀሪዎቹን ሳይሞቱ ለመሸጥ ይሮጣል። አልፈርድበትም፤ ያልተከተበ መንጋ ሙሉ በሙሉ ሊያልቅ ይችላል።

ምልክት ዘግይቶ መምጣቱ ብቻ ሳይሆን ያሳስታልም፦ በቀቀኖችም አንጀትና ነርቭ የሚይዝ የራሳቸው በሽታ አላቸው። ወፏ እየበላች ትከሳለች፣ ፍሬው ሳይፈጭ ከኩሷ ጋር ይወጣል፣ ኋላም ትንገዳገዳለች። መንስኤው ቦርና ቫይረስ እንደሆነ የተጠረጠረው ገና በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ምልክቱ ቢቀራረብም ቫይረሱ ከፈንግል የተለየ ነው፤ አንገት ስለተጣመመ ብቻ የበሽታ ስም አይጠራም። ፈንግል ራሱም በቀቀን ላይ ተደብቆ ያውቃል፦ በ1971 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ የገባው ከውጭ በመጡ በቀቀኖች ነው ይባላል፤ እሱን ለማጥፋት 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ወፎች ተወግደዋል።

«መርፌ ይውጉልኝ» ለሚሉኝ እናቶች የምሰጠው መድኃኒት የለም፤ ፈንግል አይታከምም። ሙያው ያለው ጤነኛዋን መከተብ ላይ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። በዓይን ሲሰጥ ጠብታው ዓይኗ ላይ ተንሰራፍቶ እስክታርገበግብ አልለቃትም፤ ቶሎ ከተለቀቀች ራሷን አራግፋ ትጥለዋለች። በውሃ ሲሰጥ የቧንቧው ክሎሪን ክትባቱን እንዳይገድለው ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት እንጨምርበታለን።

ለእንቁላል ብላችሁ ከሰባተኛ ቄብ የገዛችሁ፣ ከቤት ዶሮዎቻችሁ ጋር ሳትቀላቅሉ 15 ቀን ለይታችሁ አቆዩአት። ለበዓል ያረዳችሁም ላባውንና አንጀቱን ቅበሩ፤ ደጅ ከተጣለ የጎረቤት ዶሮ ትጭረዋለች።